መልስ፦ ሻንጣዬ ተሰብሮ ደረሰኝ፤ ከኤርፖርት ከወጣሁ በኋላ ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?

እህቴ፣ ትችያለሽ፤ ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ከዋሽንግተን ቦሌ ስትገቢ ሻንጣሽ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ጎማው ተነቅሎ መድረሱ፣ የአየር መንገዱ ሰዎችም "ለጎማ አንከፍልም" ማለታቸው ያናድዳል። ሳታመለክቺ ከኤርፖርት መውጣትሽ ግን መብትሽን አያጠፋውም። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1999) ሻንጣውን ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ 7 ቀን ይሰጥሻል። አቤቱታው የግድ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ "እናየዋለን" ቢሉሽ አትተማመኚበት፤ ኢሜይል ላኪ፣ ቅጂውንም አስቀሪ።

ሻንጣውን እንዳትጥዪው፣ እንዳታስጠግኚውም። ስንጥቁን ከቅርብም ከራቅ ብለሽም ፎቶ አንሺ። እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ወረቀት አትቅደጂው፤ ቁጥሩ ፎቶው ላይ በደንብ ይታይ። የመሳፈሪያ ወረቀትሽንና የሻንጣውን ደረሰኝ አያይዢ።

"ለጎማ አንከፍልም" ስላሉሽ ዝም እንዳትዪ! ጉዳቱ ከሻንጣው ከራሱ ጉድለት ወይም ከጥራቱ ማነስ ካልመጣ፣ በእነሱ እጅ እያለ የደረሰው የእነሱ ዕዳ ነው። የካሳው ጣሪያ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ የሒሳብ መለኪያ)፣ ማለትም ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉም የሚታደል አይደለም፤ የሚከፈልሽ ያስረዳሽውን ያህል ነው። መንገድ ላይ አየር መንገድ ቀይረሽ ከሆነ የመጨረሻውን መጠየቅ ይቀልሻል። እምቢ ካሉም ለመክሰስ 2 ዓመት አለሽ።