«ድነሃል» የሚለው ማነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ታናሽ እህቴን ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይዟታል፤ ኤም ኢ የሚሉትም አሉ። ስለ ሕመሙ ሳነብ ግራ የገባኝ ነገር አለ። እንግሊዝ አገር ትልቅ ጥናት ተደርጎ የአካል እንቅስቃሴ ያሽላል ተባለ። ሕመምተኞቹ ግን ጥናቱ የሥነ ምግባር ችግር አለበት ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። ተመራማሪዎቹ ደግሞ እነዚህ ሰዎች አክራሪዎች ናቸው፣ የሥነ ልቦና ሕክምና መባሉን ስለጠሉ ነው ይላሉ። ማንን ልመን?
የታማሚ እህት

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁንም አይዟችሁ። ጥያቄሽ እኔንም ሲያንገበግበኝ የኖረ ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስ ታገሺኝ።

ጥናቱ «ፔስ» ይባላል። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። 641 ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል፣ ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ከከፈሉት አንዱ ደግሞ የአገሪቱ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ነው፤ መሥራት ላቃታቸው ሕመምተኞች ድጎማ የሚሰጠው ራሱ ማለት ነው። ተሳታፊዎቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ። ሁሉም የሐኪም ክትትል ነበራቸው። በዚያ ላይ አንዱ ቡድን የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ ሌላው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር የአካል እንቅስቃሴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጉልበትን እየመጠኑ መዋልን የሚያስተምር ሕክምና ተጨመረለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይሻላሉ ተባለ።

ሕመምተኞቹ የተነሡት ስለተከፉ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን አነበቡት። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የተጻፈውን ፕሮቶኮል አጠገቡ አስቀምጠው መስመር በመስመር አስተያዩት፤ አልጋ ላይ ሆነው፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ማንበብ እየቻሉ ይህን የሠሩ አሉ።

ያገኙትን ላሳይሽ። የአካል አቅም የሚለካበት መጠይቅ አሥር ጥያቄ አለው። ደረጃ መውጣት ያቅትሻል? ዕቃ መሸከምስ? ገላሽን መታጠብና መልበስስ? «በጣም ያቅተኛል» 0፣ «ትንሽ ያቅተኛል» 5፣ «ምንም አያቅተኝም» 10። ድምሩ ከ100 ይያዛል። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት 65 ወይም ከዚያ በታች ማምጣት ነበረብሽ፤ በደንብ ታመሻል ማለት ነው። በፕሮቶኮሉ መሠረት ደግሞ ዳነች ለመባል ቢያንስ 85 ያስፈልግ ነበር። ውጤቱ ሲታተም ግን 60 ያመጣ ሰው በዚህ መለኪያ «ከጤናማው ክልል ውስጥ ነው» ተባለ። በ2013 በወጣው ጽሑፍ ይኸው 60 መዳንን ከሚወስኑት መስፈርቶች አንዱ ሆነ። ሌሎች መስፈርቶችም እንደነበሩ መደበቅ አልፈልግም። ግን እስቲ አስቢው፦ በ65 የገባች ሴት ከዓመት በኋላ ደረጃ መውጣት ጭራሽ ብሶባት 60 ብታመጣ፣ በዚህ መለኪያ የመዳኛውን መስመር አልፋለች። ገና ሕክምናው ሳይጀመር እንኳ ከተሳታፊዎቹ 13 በመቶ የሚሆኑት ከአካል አቅምና ከድካም መለኪያዎቹ ቢያንስ በአንዱ ያንን መስመር አልፈው ተገኝተዋል።

ይሄ የሒሳብ ጉዳይ እንጂ የሥነ ምግባር ነው ወይ ትይኝ ይሆናል። ነው እንጂ! ሰውዬው ገላውን ለሙከራ የሰጠው ውጤቱ በተነገረው መንገድ ይለካል ብሎ ነው። ደግሞ ሌላም አለ። ተመራማሪዎቹ ፕሮቶኮላቸው ላይ በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የወጣውን የሥነ ምግባር ደንብ፣ የሄልሲንኪን መግለጫ፣ እንደሚያከብሩ ጽፈዋል። መግለጫው ተሳታፊ የሚሆን ሰው ስለ ተመራማሪው የጥቅም ግጭት አስቀድሞ ይነገረው ይላል። ከዋናዎቹ ተመራማሪዎች ውስጥ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች በአማካሪነት የሠሩ ነበሩ። ይህንን ላንሴት ላይ ለአንባቢ አሳውቀዋል። ለተሳታፊዎቹ ግን ፈቃዳቸውን ሲሰጡ አልተነገራቸውም። ኢንሹራንስ ካሳ መክፈል አለመክፈሉ በዚህ ሕመም ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ቢነገረው ኖሮ ምናልባት አልፈርምም ይል ነበር። መብቱም ነበር።

ጥናቱ ገና ሳያልቅ፣ በ2008 መጨረሻ፣ ለተሳታፊዎች ዜና መጽሔት ተልኮላቸዋል። ሕክምናው እንደረዳቸው የሚናገሩ የሌሎች ተሳታፊዎች ቃል አለበት። የመንግሥት የሕክምና መመሪያ ከሚሞከሩት ሕክምናዎች ሁለቱን እንደደገፈም ይናገራል። ዋናው ውጤት ሰዎቹ ስለራሳቸው በሚሞሉት መጠይቅ ነው የሚለካው። መጠይቅ ለሚሞላ ሰው መሀል ላይ «ይሄ ይሠራል» ብሎ ጽፎ መላክ ተገቢ አይደለም፣ በቃ።

እና ማንን ልመን ላልሽው፣ ሰነዱን እመኚ ነው የምልሽ። ሰነዱ ደግሞ ከሕመምተኞቹ ጋር ነው። በ2021 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ ማስረጃውን እንደ አዲስ መርምሮ ደረጃ በደረጃ የሚጨምረውን የእንቅስቃሴ ሕክምና ለዚህ ሕመም አይሰጥ ብሏል። የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናውም የሚያድን ተደርጎ አይቅረብ፣ ለሚፈልገው ሰው ከሕመሙ ጋር ለመኖር ማገዣ ይሁን አለ። እህትሽ ከአቅሟ በላይ በተንቀሳቀሰች በማግስቱ የምትወድቅ ከሆነ፣ እሱ ስንፍና አይደለም፤ የሕመሙ ዋና ምልክት ነው። በግድ አታስነሷት።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ምርምር ውስጥ ነኝ። መለኪያ በሥራ መሀል ይስተካከላል፣ ያለ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹም አስፈቅደናል ብለዋል። ደግሞስ ማንም ተነሥቶ የሕመምተኞችን ዳታ አምጡ ማለት ይችላል? ዛቻ ደርሶብናል ያሉም አሉ እኮ።
ከምርምር ክፍል

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛቻ ነውር ነው፤ በማንም ላይ ቢሆን። እሱ ላይ አንከራከርም።

መለኪያ መቀየሩም ያለ ነገር ነው፣ ልክ ነህ። የዋናዎቹን መለኪያዎች ለውጥ በተመለከተ ውጤቱን ሳናይ፣ ጥናቱን በሚቆጣጠረው ኮሚቴ ፈቃድ አደረግነው ብለዋል። ግን ስትቀይር በድሮውም በአዲሱም አሰልተህ ጎን ለጎን ታሳያለህ፣ አንባቢው ይፍረድ ትላለህ። እነሱ ይህን ያደረጉት ከአምስት ዓመት በኋላ በ2016 ነው፣ ያውም ዳታውን አውጡ ተብለው ሲጨነቁ። ላንሴት ላይ በሁለቱ ሕክምናዎች 60 በመቶ ያህሉ ተሻላቸው ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው ፕሮቶኮል ሲሰላ 20 በመቶ ገደማ ሆኖ ቁጭ አለ። በክትትል ብቻ የቆዩትም 10 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል። ይሄን ልዩነት ሕመምተኛ አምስት ዓመት ሙሉ ሳያውቅ መቆየት ነበረበት?

ዳታውንም «ማንም» አይደለም የጠየቀው። አውስትራሊያ የሚኖር አንድ ሕመምተኛ በ2014 በመረጃ ነፃነት ሕግ ስም የሌለበትን ዳታ ጠየቀ። ዳታውን የያዘው የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ አልሰጥም አለ። የመረጃ ኮሚሽነሩ ስጡ ብሎ ሲወስን ዩኒቨርሲቲው ይግባኝ ብሎ ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ ለጠበቃ አወጣ። ጉዳዩ ችሎት ቀረበ። እዚያ ስለ «አክራሪዎቹ» ብዙ ተወራ፣ ችሎቱ ማስረጃውን ሲመረምር ግን ወሬው እጅግ የተጋነነ ሆኖ አገኘው። ማስረጃ የቀረበበት ነገር አንድ ሰው በሴሚናር ላይ ተመራማሪዋን በንግግሯ መሀል እየጮኸ መረበሹ ነበር። ነሐሴ 2016 ዳታው ይለቀቅ ተብሎ ተወሰነ። ሕመምተኞችና ሳይንቲስቶች አብረው መዳንን በፕሮቶኮሉ መሠረት ሲያሰሉት በየቡድኑ ከ10 በመቶ በታች ሆነ፣ በቡድኖቹ መካከልም ትርጉም ያለው ልዩነት ጠፋ። የ2013ቱ ጽሑፍ በሁለቱ ሕክምናዎች 22 በመቶ ድነዋል ብሎ ነበር።

ላንሴት ጽሑፉን አላነሣውም። ተመራማሪዎቹም እስከ ዛሬ ትክክል ነን ይላሉ። እኔ ግን ስም የሌለበትን ዳታ ለማየት ሕመምተኛ ችሎት ድረስ መሄድ ካለበት፣ ያ ራሱ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ በዚሁ ሕመም ትምህርት ካቆመ ሰነበተ። ጥናት ውስጥ ይግባ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጨነቀኝ። ምን ልበላቸው?
የልጁ እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ጥናት ጠላት አይደለም። ይሄ ሕመም መድኃኒት የሚገኝለት በጥናት ነው፤ ደህና ጥናት ከሆነ ይግባ።

በልጆች ላይ ስለተደረገ አንድ ጥናት ግን ልንገርዎት። ብሪታንያ ውስጥ «ላይትኒንግ ፕሮሰስ» የሚባል፣ ሕመምተኛው አስተሳሰቡን እንዲቀይር የሚያስተምር፣ በክፍያ የሚሰጥ ሥልጠና በ100 ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2017 ታተመ። ጠቅሟል ተባለ። ዴቪድ ቱለር የሚባል ጋዜጠኛና የሕዝብ ጤና ምሁር ሰነዱን ሲመረምር፣ ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የተመዘገቡት ጥናቱ በይፋ ከመመዝገቡ በፊት መሆኑን አገኘ። በኋላም ዋናው መለኪያ ተቀይሯል። መጀመሪያ ልጁ ትምህርት ቤት ስንት ቀን ሄደ የሚለው ነበር፣ ወደ ኋላ ተደርጎ ልጁ ስለራሱ የሚሞላው መጠይቅ ወደ ፊት መጣ። ጥናቱን ያተመው መጽሔት በ2019 ረጅም ማስተካከያ አወጣ እንጂ ጽሑፉን አልሰረዘውም። ናይስ በ2021 ይህን ሥልጠና ለሕመሙ አታቅርቡ ብሏል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቋቸው። ጥናቱ የት ተመዘገበ፣ መቼ? የልጄ መሻል በምን ይለካል፣ እሱ በሚሞላው ቅጽ ብቻ ወይስ ትምህርት ቤት መሄዱም ይቆጠራል? መለኪያው ከተቀየረ ይነግሩኛል? ተመራማሪው ሌላ ማን ይከፍለዋል? ሕክምናውን የሚሸጠው ሰው እጁ አለበት? ቢብስበት ማን ይመዘግበዋል፣ ማንስ ያክመዋል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ልጅዎንም ለብቻው ይጠይቁት፤ አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው፣ ገብቶ ከጀመረ በኋላም ቢሆን።