አዝመራው ሳይደርስ የሚከፈል ድርሻ፦ የጎንደር አንባቢዎች ጥያቄ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ለገበሬው ሳይዘራ ከፍሎ፣ ሲደርስ ምርቱን በየሳምንቱ ስለመውሰድ።

"መገጭ ዳር በሞተር እያጠጣ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አሥር ቤተሰብ ሆናችሁ ቀድማችሁ ክፈሉኝ አለን። ብድር ነው ወይስ ግዢ?" (ከአዘዞ)

ሁለቱም አይደለም። የአዝመራው ባለድርሻ ትሆናላችሁ። ገበሬው ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለነዳጅ በሚቸገርበት ሰዓት ገንዘብ ያገኛል። እናንተ ደግሞ ከማሳው የወጣውን ትካፈላላችሁ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ "ቴይኬይ" ብለው ሲሠሩበት ነበር። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለት እርሻዎች ጀመሩት። ዕቁብ ለጣለና ደቦ ለወጣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የእኩል እርሻንም እናውቃለን። እዚያ የሚካፈለው ባለመሬቱ ነው፤ እዚህ ግን በላተኛው።

"በረዶ ቢመታውስ? ገንዘቤ ይመለሳል?" (ከፒያሳ)

አይመለስም፣ እህቴ። ይህን ሳትቀበይ አትግቢ። የምትፈልጊው ርካሽ አትክልት ብቻ ከሆነ ቅዳሜ ገበያ ይሻልሻል። ገበሬው ጉዳቱን ብቻውን ሲሸከም የሚሆነውን እያየን ነው። ሲጨንቀው ሽንኩርቱን ገና ማሳ ላይ እያለ ደላላ በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል። ቲማቲም ሲበዛ ደግሞ የለቃሚ ሒሳብ እንኳ ስለማያወጣ እዚያው ይበሰብሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ግን ሁሉም ጉዳት የጋራ አይደለም። በረዶ፣ ጎርፍ፣ ዋግ የጋራ ነው። ገበያው ሲወደድ ድርሻሽን ለነጋዴ ቢሸጠው ግን ክህደት ነው። ስለዚህ በወረቀት ይጻፍ፦ ለስንት ሳምንት፣ ምን ምን፣ መንገድ ቢዘጋስ ምን ይደረጋል። ሁለት ምስክር ይፈርም። ግማሹን ሲዘራ፣ ግማሹን የመጀመሪያው ዘንቢል ሲመጣ ክፈሉ። ሰብሉም አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን። ቲማቲሙ ቢመታ መሬት ውስጥ ያለው ካሮት ሊተርፍ ይችላል።

"ድርሻ የምሸጠው እኔ ነኝ። ዋጋውን እንዴት ላውጣ?" (ከማክሰኝት)

ወንድሜ፣ ከገበያው ዋጋ አትነሳ፤ ከወጪህ ተነሳ። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የባጃጅ ጭነት። የራስህንና የቤተሰብህን ጉልበትም ቁጠር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 40,000 ብር ቢሆንና 20 ቤተሰብ ቢገባ፣ ድርሻው 2,000 ብር ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 125 ብር ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ግን የማሳህን ግማሽ ብቻ በድርሻ ስጥ። ሌላውን ገበያ አውጣው። ያኔ ምርቱ ቢያንስም ባለድርሻ ፊት አታፍርም።

"ቆስጣና ጎመኑ በዛብን። ከፋሲካ በኋላ ማን ይበላዋል?" (ከአራዳ)

ገበሬው ሳይዘራ ስለ ጾሙ ተነጋገሩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቅጠላ ቅጠሉ ለዚያ ይድረስ፣ ድንቹ ለፋሲካ ይቆይ። የተረፈው ጎመን ለጎመን በሥጋ ይሆናል።

"ጤፍስ በዚህ መንገድ ይሆናል?" (ከአዘዞ)

ይሆናል። በዓመት አንዴ መሆኑን ብቻ አይርሱ። ደግሞ "አንድ ኩንታል እሰጣለሁ" ካለ ያ ሽያጭ ነው። "ከአውድማው ከአሥር አንድ እጅ" ካለ ነው ድርሻ የሚባለው። የውቂያው ቀን ሄደው ሲሰፈር ይዩ። ልጆቹንም ይውሰዷቸው፤ ያን ሰሞን የሽምብራ እሸት አይጠፋም።