ሲድኒ ፖይቲየርን ለምታቀርቢው እህቴ፣ ባነር ከማሳተምሽ በፊት

እህቴ፣ ለፊልም ክበባችሁ ስለ ፊልም ተዋናዩ ሲድኒ ፖይቲየር ልታቀርቢ ነው፤ ከየት ልጀምር ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ይሄንኑ ዝግጅት አዘጋጅቼ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። አንቺ እንዳትደግሚው ልንገርሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

1. «ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር» ብለሽ እንዳትጽፊ። እኔ ጽፌያለሁ፤ ያውም ሦስት ሜትር ባነር ላይ። ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ስንሰቅለው አንድ አባት ቆም ብለው አነበቡና «ልጄ፣ ሃቲ ማክዳንኤልን የት ጣልካት?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እሷ በ1940 በረዳት ተዋናይነት ወስዳለች። ፖይቲየር በ1964 «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» በተባለው ፊልም ያገኘው የዋና ተዋናይ ሽልማት ነው። በዋና ተዋናይነት የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። «በዋና ተዋናይነት» የምትለዋን ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ።

ባነሩን አወረድነው። ሌላ እስክናሳትም ሁለት ሰዓት ግፉልን ብዬ የአዳራሹ ኃላፊ ጋ ገባሁ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም። «ውሉ ላይ ሰዓት አለ» አለኝ፣ አለቀ። ዝግጅቱ ቀረ። ቀብዴንም አልመለሱልኝም፤ ለሳምንታት «ነገ ና» እያሉ አመላለሱኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ውል ስትፈርሚ ሰዓት ማዛወር እንደሚቻል አስጽፊ።

2. በኦስካሩ አትጀምሪ፤ በሳህን አጠባው ጀምሪ። ወላጆቹ የባሃማስ ካት ደሴት ቲማቲም ገበሬዎች ነበሩ። ማያሚ ቲማቲም ሊሸጡ ሄደው ነው በ1927 ያለ ጊዜው የተወለደው። በ16 ዓመቱ ኒውዮርክ ገባ፤ ሳህን እያጠበ ኖረ። ጥቁሮች ያቋቋሙት ቴአትር ቤት ለኦዲሽን ሄደ። ማንበብ በደንብ አይችልም፣ የደሴት ቅላጼውም ከባድ ነው። ሂድና ሳህን እጠብ ብለው አባረሩት። የሚሠራውን ግን አልነገራቸውም ነበር! እንዴት አወቁብኝ የሚለው አንገበገበው። ሬዲዮ ገዛ፣ አናጋሪዎቹን እየሰማ አፉን አረመ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ አስተናጋጅ ነበሩ። ማታ ሥራ ሲያልቅ አብረውት ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያስነብቡት ነበር።

እኔ ዝግጅቱን እንደገና ባዘጋጀሁበት በሁለተኛው ዙር ይህን ስተርክ ከኋላ ያሉት ልጆች ስልካቸውን አስቀመጡ። አንዲት እናት መጨረሻ ላይ መጥተው የሽማግሌውን ስም ጠየቁኝ። በዚያ ቀን በጣም ነው የኮራሁት።

3. አንድ ትዕይንት ብቻ የምታሳዪ ከሆነ የ1967ቱን «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» አሳዪ። ፖይቲየር ፖሊስ መርማሪ ሆኖ ይጫወታል፤ ሀብታሙ ነጭ የእርሻ ጌታ በጥፊ ሲመታው፣ መርማሪው ወዲያው ጥፊውን ይመልስለታል። እዚያ ላይ ምንም አታውሪ። እኔ ልተንትን ብዬ አበላሽቼዋለሁ።

ደግሞ የሚተቹትን አትዝለዪ። ነጮች እንዳይከፋቸው ሁሌ ጻድቅ ሰው ሆኖ ይጫወታል የሚሉ ጥቁሮች ብዙ ነበሩ። እኔ አልስማማም። ኦስካሩን በወሰደበት በዚያው ዓመት ከዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ለመብት ታጋዮች 70,000 ዶላር ይዞ ሚሲሲፒ ግሪንዉድ ገብቷል፤ ኩ ክላክስ ክላን የሚባሉት ነጭ ዘረኞች በመኪና እያሳደዱት። ይሄን ካነሳሽ ክርክሩ ራሱ ይደምቃል።

የባነሩን ጽሑፍ ሳታሳትሚ እዚሁ ለጥፊው። ዛሬ ማታ አየዋለሁ።