የስፖርት መኪና ጎማ ሲቀየር፦ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ

ጎማ በመግጠምና በማመጣጠን ሥራ ላይ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ፤ አብዛኛውንም ጊዜ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ፈጣን መኪና የያዙ ወገኖቼ ጎማቸው ባለቀ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ ስለሚመሳሰል፣ የዛሬውን ከሰዓት ለዚሁ ሰጥቻለሁ። እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እዩት። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው ያንን በምታህል ቦታ ብቻ ነው። 460 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ ትልልቁ ፍሬን፣ ቀልጣፋው መሪ፣ ሁሉም ሥራውን የሚሠራው በእነዚያ አራት መዳፎች በኩል ነው። ለጭስ ማውጫ ድምፅ ሺህ ዶላር የከፈለ ሰው ለጎማ መቶ ዶላር ሲከራከር ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) ጋሼ፣ የ2019 ሙስታንግ ጂቲ አለኝ፤ የፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያለው። ከፋብሪካ የመጣው ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ አልቋል። ያንኑ ልድገም ወይስ ዓመቱን ሙሉ የሚሆን ልግዛ? ያለችኝ መኪና ይቺው ብቻ ናት።

መልስ፦ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሁን የገጠመልህ ጎማ እዚህ አገር «የበጋ ጎማ» የሚባለው ዓይነት ነው። እኛ በጋ ስንል ደረቁን ወራት፣ ክረምት ስንል ዝናቡን ስለምናስብ «የበጋ ጎማ ዝናብ አይችልም» ብለን እንደመድማለን። እውነቱ ሌላ ነው። አየሩ ሞቅ ካለ ዶፍ ቢወርድ እንኳን ይህ ጎማ እርጥብ አስፋልት አጥብቆ ይይዛል። የማይችለው ብርድን ነው። ላስቲኩ የተቀመመው ለሙቀት ስለሆነ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከ45 ፋራናይት ገደማ በታች ሲሆን እየጠነከረ ይሄዳል። ለዚህ የግድ በረዶ እስኪጥል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደረቅ አስፋልት ላይም ቢሆን አያያዙ ይቀንሳል።

አንድ ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ልክ እንደ አንተ ያለች ሙስታንግ በተጎታች ይዞ መጣ። በማለዳ ወደ አውራ ጎዳናው በሚያስገባው ጥምዝ መንገድ ላይ ነዳጅ ሲሰጥ የመኪናው ጀርባ ዞረበት፤ የኋላ ቀኝ ቸርኬው ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ተሰንጥቋል። ልጁ ደኅና ነበር፤ እጁ ግን ገና ይንቀጠቀጣል። «ጎማው እኮ አዲስ ነው» ይለኛል። አልዋሸም፤ ጥርሱ ገና ምንም አልተበላም። አውራ ጣቴን አሳርፌ ጥፍሬን ብጫን እንደ ደረቅ ቆዳ አልገባ አለኝ። ያንኑ ጎማ ሞቅ ያለው ክፍል ውስጥ አሳድረነው በማግስቱ ስነካው የጥፍሬ ምልክት ቀረበት። ልዩነቱ የአንድ ሌሊት ሙቀት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጥር ላይም ሥራ የምትሄድባት መኪና ከሆነች ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የስፖርት ጎማ ግዛ። ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ፤ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 እና ኮንቲኔንታል ኤክስትሪምኮንታክት ዲደብልዩኤስ 06 ፕላስ። በኮንቲኔንታሉ ጥርስ ላይ ሦስት ፊደላት ተቀርጸዋል፤ አንዱ ለደረቅ፣ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለበረዶ። ጎማው እየተበላ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው የበረዶው ፊደል ነው፤ እሱ ከጠፋ በረዶ ላይ አትታመንበት። የምታጣው ነገር መኖሩን አልደብቅህም። በሐምሌ ሙቀት ጥምዝ ላይ መሪው እንደ ድሮው አይቆነጥጥም፤ ፍሬን ስትይዝም ለመቆም ጥቂት ሜትር ይጨምራል። ሁለተኛ ቸርኬ የመግዛት አቅምና ማስቀመጫ ቦታ ካለህ ግን 4ኤሱን ለሙቀቱ ወራት፣ እውነተኛ የበረዶ ጎማ ለብርዱ መያዝ ከሁሉም ይበልጣል። እንደዚያ ካደረግህ 4ኤሱን ውጭ አታሳድረው። ብርዱ ከዜሮ በታች ብዙ ሲወርድ የእንዲህ ያለ ጎማ ላስቲክ ሊሰነጠቅ እንደሚችል አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።

ጥያቄ፦ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አስረዳኝ። ሻጩ «ይሄም ይገጥማል» እያለ ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል።

መልስ፦ በአሌክሳንድሪያው ወንድማችን መኪና እንየው። የፊቱ 255/40 አር 19፣ የኋላው 275/40 አር 19 ነው። 255 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 40 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ነው፤ 102 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 19 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው።

ሰዎች የሚያልፉት ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። 96 ዋይ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ 96 አንዱ ጎማ 710 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ 100 ቢሆን 800 ኪሎ ግራም ነበር። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያው ነው፤ ቪ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300። «እኔ 300 አልነዳ፣ ምን ቸገረኝ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ፊደሉ የሚነግርህ ግን ጎማው በፍጥነት የሚመጣውን ሙቀት ምን ያህል እንደሚችልም ጭምር ነው። ከፋብሪካው ቁጥርና ፊደል በታች አትውረድ። የበረዶ ጎማ ዝቅ ያለ ፊደል ሊኖረው ይችላል፤ ያኔ ፍጥነትህን በእሱ ልክ አድርግ። ሻጩ የሰጠህ ልክ ከበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ካልገጠመ ደግሞ ወረቀቱን እመን።

ጥያቄ፦ (ከአትላንታ) የኋላዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው ያለቁት። ሁለት ብቻ ብቀይር ችግር አለው?

መልስ፦ መኪናህ በኋላ እግር የሚነዳ ከሆነና የፊቶቹ በቂ ጥርስ ካላቸው ችግር የለውም፤ ግን ያንኑ ስምና ያንኑ ሞዴል ግዛ። ከፊት አንድ ጠባይ፣ ከኋላ ሌላ ጠባይ ያለው መኪና ዝናብ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። አራቱም አንድ ልክ ከሆኑ አዲሶቹ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይግቡ፤ በፊት እግር የሚነዳ መኪናም ቢሆን። የፊቱ ውሃ ላይ ሲንሸራተት መሪው ስለሚቀልልህ ታውቀዋለህ፤ ነዳጅ ስትቀንስ ይመለሳል። የኋላው ከሄደ ግን መኪናው ዞሮ ነው የምታውቀው።

በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያለቀና አዲስ ጎማ የዙሪያ ልካቸው ስለማይገናኝ ኃይሉን የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት ሲታገል ይኖራል፤ የእሱ ዋጋ ከአራት ጎማ ይበልጣል። አራቱንም ቀይር።

ጥያቄ፦ (ከዳላስ) ርካሽ ያገለገለ ጎማ አግኝቻለሁ። ጥርሱ ገና ነው። ልውሰደው?

መልስ፦ ጥርሱን ከማየትህ በፊት ዕድሜውን እይ። በጎማው ጎን ላይ በዲኦቲ የሚጀምር ረጅም ቁጥር አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል፤ 2319 ካለ በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ የሚጻፈው በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ካጣኸው በሌላው ጎን ፈልገው። አምራቾች አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር የሞላው ያለ ክርክር ይውጣ ይላሉ። እኔ ለፈጣን መኪና ከስድስት ዓመት በላይ የሆነውን አልገጥምም፤ ይህ የራሴ አቋም ነው። ያገለገለ ጎማ ደግሞ ውስጡ ሳይታይ አይገዛም። ነፋስ ጎድሎት የተነዳ ጎማ ሲከፈት በውስጡ እንደ ቡና ዱቄት ያለ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ይገኛል፤ ጎኑ ከውስጥ ተፈጭቷል ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለበትም። ይህን የሚያህል አደጋ በጥቂት ዶላር አትግዛ።

ጥያቄ፦ አንዱ ጎማ ላይ 300፣ ሌላው ላይ 560 ተጽፏል። ትልቁ ይሻላል?

መልስ፦ «ትሬድዌር» የሚባለው ይህ ቁጥር የጎማ ዕድሜ ንጽጽር ነው፤ ትልቅ ሲሆን ቶሎ አያልቅም። ነገር ግን ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ኩባንያ ጎማዎች እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ ሁለት ኩባንያዎችን ለማበላለጥ ብዙ አይረዳም። ረጅም ዕድሜና ጠንካራ አያያዝ ደግሞ በአንድ ላስቲክ ላይ እምብዛም አይገናኙም።

ጥያቄ፦ (ከፌርፋክስ) በዚህ ዓመት ሰሚት ፖይንት ሄጄ በመወዳደሪያው ሜዳ ላይ መንዳት እጀምራለሁ። ጓደኞቼ «ባለ 200» ጎማ ካልገዛህ አትምጣ ይሉኛል።

መልስ፦ ባለ 200 የሚሉህ ቅድም ያልነው የዕድሜ ቁጥሩ 200 የሆነውን፣ ቶሎ የሚያልቅ ግን አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ነው። ለጀማሪ አያስፈልግም። ደኅና የበጋ ጎማ ሊለቅ ሲል ይጮኻል፣ ቀስ ብሎም ይንሸራተታል፤ እያስጠነቀቀ ያስተምርሃል። ባለ 200ው አጥብቆ ስለሚይዝ ስህተትህን ይሸፍንልሃል፤ የለቀቀህ ቀን ግን በትልቅ ፍጥነት ላይ ነህ። እንደ ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ያሉት ከዚያም አልፈው የሚሄዱ ናቸው፤ የጥርሳቸው ቦይ ጥቂት ስለሆነ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋሉ። ምሽት ዝናብ ሲይዝህ ወደ ቤት የምትመለሰው በዚያው ጎማ መሆኑን አስብ። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብህን ለፍሬን ዘይትና ለአሠልጣኝ አውጣ። ከሜዳው እንደወጣህም ጎማው ሳይቀዘቅዝ ነፋሱን ለካና ጻፈው፤ ጠዋት ከነበረው ምን ያህል እንደጨመረ ስታይ ብዙ ትማራለህ።

ጥያቄ፦ (ከዱባይ) ወንድሜ፣ አሠሪዬ ፖርሽ 911 አላቸው፤ ጎማ የማስቀይረው እኔ ነኝ። ኤን የሚል ምልክት ያለው ካልሆነ አይሆንም አሉኝ። ሙቀቱስ ምን ጥንቃቄ ይፈልጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ብለዋል። ኤንና ከጎኑ ያለው ቁጥር ጎማው በፖርሽ ተፈትኖ ለዚያ መኪና መፈቀዱን ያሳያል። በስም አንድ ሆኖ ምልክቱ የሌለው ጎማ ውስጣዊ አሠራሩ ሊለይ ይችላል። ኤን 0ን ከኤን 1 ጋር አትቀላቅዪ፤ አራቱም አንድ ይሁኑ። ለቢኤምደብልዩ ኮከብ፣ ለመርሴዲስ ኤምኦ የሚል ምልክት አለ፤ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

በሙቀት አገር ጎማን የሚያፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ የነፋስ ማነስ ነው። ነፋስ ሲጎድለው ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ውስጡን ይለያየዋል። ስለዚህ ነፋሱን በማለዳ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኪ። አየሩ በየ5 ዲግሪው በሞቀ ቁጥር ግፊቱ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራልና፣ ቀትር ላይ ከፍ ብሎ ስታዪው ደንግጠሽ አታስተንፍሺ፤ በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ታገኚዋለሽ። ፀሐይ ላስቲክን ስለሚያስረጅ የተሠራበትን ቀን ማየቱ ለእናንተ የበለጠ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ (ከአዲስ አበባ) ባለ ሁለት በር መኪናዬ 225/45 አር 17 ትለብሳለች። ለውበት ባለ 18 ቸርኬ ላስገባ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ 225/40 አር 18 ቢያስገቡ የጎማው ጠቅላላ ከፍታ አይናጋም፤ 634 ሚሊ ሜትር የነበረው 637 ይሆናል፣ የፍጥነት መለኪያዎም አይዋሽም። የጎኑ ቁመት ግን ከ101 ወደ 90 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ያቺ 11 ሚሊ ሜትር ናት ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ቸርኬውን የምታድነው። በክረምት ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታይም፤ ቸርኬው ይጣመማል፣ ወይም ጎማው ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያብጣል። ያበጠ ጎማ ክሩ ተበጥሷልና አይጠገንም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን 17ቱን ይዤ የተሻለ ላስቲክ እገዛ ነበር።

ጥያቄ፦ ሚስማር የወጋውን የስፖርት ጎማ መለጠፍ ይቻላል?

መልስ፦ ቀዳዳው በጥርሱ መካከል ከሆነና ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ጎማው ወልቆ ከውስጥ ተደፍኖና ተለጥፎ ይቻላል። ከውጭ ክር ወግቶ መሄድ ቤት ድረስ ያደርስህ ይሆናል እንጂ ጥገና አይደለም። ጎኑ ላይ ከሆነ አይነካም።

ጥያቄ፦ (ከአሌክሳንድሪያው ጠያቂ፣ በድጋሚ) ጋሼ፣ ወስኛለሁ፤ ቅዳሜ አስገጥማለሁ። ከተገጠመ በኋላ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጎሚስታው ዳዶውን በአየር መፍቻ ብቻ አጥብቆ እንዲሸኝህ አትፍቀድ። በመለኪያ መፍቻ፣ ለአንተ መኪና በ204 ኒውተን ሜትር ይጥበቅ። የእግር ማስተካከያውን፣ አላይመንት የምንለውን፣ በዚያው ቀን አሠራ፤ የድሮዎቹን ጎማዎች ውስጠኛ ጠርዝ እይ፣ ከውጩ ይልቅ የተበላ ከሆነ አዲሶቹም እንደዚያው ያልቃሉ። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር በርጋታ ንዳ፤ አዲስ ጎማ በፋብሪካ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ላዩ ላይ የሚቀረው ልስላሴ እስኪለቅ በተለይ እርጥብ መንገድ ላይ ያንሸራትታል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድህ በኋላ ደግሞ ተመለስና ዳዶዎቹ በመለኪያው እንደገና ይታዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።