ከስንት ውስጥ? ስለ ፕሮባብሊቲ ጥያቄዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ተማሪዎች፣

በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም፣ የጎረቤት ልጆች የስታቲስቲክስና የፕሮባብሊቲ መልመጃቸውን ይዘው ቤቴ መምጣታቸውን አላቆሙም። ደብተራቸውን ባየሁ ቁጥር የምታዘበው ነገር ተመሳሳይ ነው። ማባዛቱንና ማካፈሉን ያውቁታል፤ ቀመሩንም በቃላቸው ይዘውታል፤ የሚሳሳቱት ግን በላዕሉ ሳይሆን በታህቱ፣ ማለትም ከክፍልፋዩ ሥር በሚጻፈው ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት «ይህ ዕድል የሚቆጠረው ከስንት ውስጥ ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እመክራችኋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ የማነሳቸው ጥያቄዎችም ሁሉ የሚፈቱት በዚሁ መንገድ ነው።

50 ተማሪዎች ያሉትን ክፍል እንውሰድ፤ 30ዎቹ ሴቶች፣ 20ዎቹ ወንዶች ናቸው። ትምህርት ቤት ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግራቸው የሚሄዱት 18 ሴቶችና 9 ወንዶች ናቸው እንበል። አንድ ተማሪ በዕጣ ቢመረጥ፣ ሴትም ረጅም መንገደኛም የመሆን ዕድሉ 18/50 ነው። የተመረጠችው ሴት መሆኗ ከታወቀ፣ ረጅም መንገደኛ የመሆን ዕድሏ 18/30 ነው። የተመረጠው ረጅም መንገደኛ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ፣ ሴት የመሆን ዕድሉ 18/27 ይሆናል። በሦስቱም መልሶች ላይ ያለው 18 ያው አንዱ 18 ነው፤ የተለወጠው የምንቆጥርበት ስብስብ ብቻ ነው። ፈተና የሚያወጡ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ሦስቱንም ክፍልፋዮች ከአማራጮቹ መካከል ይደረድሯቸዋል፤ ያገኛችሁት ቁጥር በምርጫው ውስጥ መኖሩ ለትክክለኛነቱ ምስክር አይሆንም። ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ በመሆኑም፣ «መሆኑ ከታወቀ» የሚለውን ሐሳብ የያዘውን ሐረግ አስምሩበት፤ ታህቱን የሚወስነው እርሱ ነውና።

በታህቱ መሳሳት የጀማሪ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የታወቀው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር በ1754 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሳንቲም ውርወራ ሲጽፍ፣ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል 2/3 ነው ብሎ ነበር። አስተሳሰቡ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ ከወጣ ነገሩ ያበቃል፤ ስለዚህ ያሉት ሦስት ሁኔታዎች ዘውድ፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር ናቸው። ሲያዩት ያሳምናል። ይሁን እንጂ ሦስቱ ሁኔታዎች እኩል ዕድል የላቸውም፤ የመጀመሪያው ብቻውን ግማሹን ይይዛል። ሁለቱም ውርወራዎች እስከ መጨረሻ ቢጻፉ አራት እኩል ውጤቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ዘውድ የሌለበት አንዱ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛው መልስ 3/4 ነው። እንግዲህ ውጤቶቹን መዘርዘር ብቻ አይበቃም፤ የዘረዘራችኋቸው ውጤቶች እኩል የመከሰት ዕድል እንዳላቸውም ማረጋገጥ አለባችሁ።

አሁን ወደ ዕቁብ እንምጣ፤ ለፕሮባብሊቲ ትምህርት ከዕቁብ የተሻለ ቤተ ሙከራ አላውቅም። በወር አንድ ጊዜ ዕጣ የሚወጣበት የ12 ሰዎች ዕቁብ አለ እንበል፤ የደረሰው ሰው ስም ተመልሶ አይገባም። በሦስተኛው ወር ለእናንተ የመድረሱ ዕድል ስንት ነው? በመጀመሪያው ወር አለመድረሱ 11/12፣ በሁለተኛው አለመድረሱ 10/11፣ በሦስተኛው መድረሱ 1/10 ነው፤ ሦስቱ ሲባዙ 1/12 ይሰጣሉ። በሰባተኛውም ሆነ በመጨረሻው ወር መልሱ ያው 1/12 ነው፤ «አስቀድሞ የወጣ ዕጣ የእኔን ዕድል ይቀንሳል» የሚለው ቅሬታ በሒሳብ ፊት አይቆምም። ሆኖም ሁለቱ ወራት አልፈው ገና ካልደረሳችሁ፣ ለሦስተኛው ወር ያላችሁ ዕድል 1/10 ነው። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት አንዱ ዕቁቡ ሳይጀመር፣ ሌላው ከሁለት ወር በኋላ በመጠየቁ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱትን አንድ ነገር ላንሳ። አብረው ሊከሰቱ የማይችሉ ሁነቶችና እርስ በርስ የማይነካኩ ነጻ ሁነቶች አንድ አይደሉም። በአንድ ወር ዕጣው ለእናንተም ለጎረቤታችሁም ሊደርስ አይችልም፤ ስለዚህ የሁለታችሁ መድረስ አብሮ አይከሰትም፤ እንዲያውም የአንዱ መድረስ የሌላውን ዕድል ወደ ዜሮ ስለሚያወርደው፣ ነጻ ከመሆን እጅግ የራቀ ነው። ዕድሎችን እንዲሁ ማባዛት የሚፈቀደው ለነጻ ሁነቶች ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚነካ ከሆነ ግን፣ በዕቁቡ እንዳደረግነው፣ ሁለተኛውን ዕድል የመጀመሪያው ከሆነ በኋላ ባለው ታህት ማስላት ያስፈልጋል። የማባዛትን ጉልበት ማየት የሚፈልግ አሥር ግጥሚያዎች ያሉበትን የእግር ኳስ ውርርድ ቲኬት ይመልከት፤ የእያንዳንዱ ግጥሚያ ግምት የመሳካት ዕድሉ 0.6 ቢሆንና ግጥሚያዎቹ ነጻ ቢሆኑ፣ አሥሩም በአንድነት የመሳካት ዕድላቸው 0.006 ገደማ፣ ማለትም ከ1000 ስድስት ያህል ነው።

«ቢያንስ አንድ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ተቃራኒውን አስልታችሁ ከ1 ቀንሱ። አራት አራት ምርጫ ያላቸውን 10 ጥያቄዎች በግምት የሚሞላ ተማሪ ሁሉንም የመሳት ዕድሉ 0.056 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ወደ 0.944 ይደርሳል። በአማካይ የሚያገኘው ግን 2.5 ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ከሁሉ የሚከብደው በመረጃ ላይ የተመሠረተው የተገላቢጦሽ ጥያቄ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። በዓባይ ሸለቆ ቆላ ውስጥ 1000 ሰዎች ለወባ ተመረመሩ እንበል። በትክክል የታመሙት 50 ናቸው። ምርመራው ከ100 ሕሙማን 90ውን ያገኛል፤ ከ100 ጤነኞች ደግሞ አራቱን በስህተት «ወባ አለባችሁ» ይላቸዋል። ጥያቄው፣ «ወባ አለብህ» የተባለ ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው የሚል ነው። አብዛኛው ተማሪ 0.9 ብሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን ያ ከሕሙማን መካከል የተቆጠረ ዕድል ነው፤ የተጠየቀው ግን «አለባችሁ» ከተባሉት መካከል ነው። ከ50ዎቹ ሕሙማን 45ቱ ይገኛሉ፤ ከ950 ጤነኞች 38ቱ በስህተት ይደመራሉ፤ «አለባችሁ» የተባሉት በጠቅላላው 83 ናቸው። ስለዚህ መልሱ 45/83፣ ማለትም 0.54 ያህል ነው። ያው ምርመራ ክረምት ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ወቅት ቢደረግና የታመሙት 200 ቢሆኑ፣ 180 ሕሙማን ተገኝተው 32 ጤነኞች በስህተት ስለሚደመሩ፣ መልሱ 180/212፣ ማለትም 0.85 ያህል ይሆናል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተመረመረው ሕዝብ ግን ተለውጧል። ይህን ዓይነት ጥያቄ የተገላቢጦሽ ዕድልን በሚያሰላው በቤይስ ቀመር ከመጀመር ይልቅ 1000 ሰዎችን በሠንጠረዥ ከፋፍሎ መቁጠር እንደሚሻል አምናለሁ፤ ቀመሩ ከሠንጠረዡ በኋላ ቢመጣ ከየት እንደመጣ ይታያል።

ፕሮባብሊቲና ስታቲስቲክስ በመጽሐፋችሁ ለየብቻ ቢቀርቡም፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይቆማል። ከ300 አባወራዎች ዝርዝር 30 ለመምረጥ፣ ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ አውጥተን ከዚያ በየአሥሩ ብንቆጥር፣ እያንዳንዱ አባወራ የመመረጥ ዕድሉ 1/10 ይሆናል፤ ከናሙናው የሚገኘው አማካይ የሚታመነውም የመመረጡ ዕድል አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ለመንገድ የቀረቡትን 30 ቤቶች ብቻ ብንጠይቅ ግን፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ የብዙዎቹ አባወራዎች የመመረጥ ዕድል ዜሮ ስለሆነ ስለ እነርሱ የምንለው አይኖረንም።

በትንሽ ናሙናም አትቸኩሉ። ሳንቲም 10 ጊዜ ወርውራችሁ 7 ጊዜ ዘውድ ቢወጣ፣ ሳንቲሙ ያደላል አትበሉ፤ በትክክለኛ ሳንቲም 7 ወይም ከዚያ በላይ ዘውድ የማግኘት ዕድል 176/1024፣ ማለትም 0.17 ያህል ነው። ሙከራው ሲበዛ የሚታየው ድርሻ ወደ ትክክለኛው ዕድል እየተጠጋ መሄዱን ያስረዳው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ ሲሆን፣ ሥራው የታተመው እርሱ ካለፈ በኋላ በ1713 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ለመለማመጃ ከጋሊሊዮ ዘመን የቆየ ጥያቄ እተውላችኋለሁ። ሦስት ዳይሶች ሲጣሉ ድምራቸው 9 የሚሆንባቸው የቁጥር ጥምረቶች ስድስት ናቸው፤ 10 የሚሆንባቸውም ስድስት ናቸው። ቁማርተኞች ግን 10 ከ9 ትንሽ በልጦ እንደሚወጣ አስተውለው ነበር። ከ216ቱ እኩል ውጤቶች ለ9 የሚሆኑት 25፣ ለ10 የሚሆኑት 27 ናቸው። ዝርዝሩን ራሳችሁ በእጃችሁ ጻፉት፤ ስትጽፉም 1፣ 2፣ 6 ስንት ጊዜ፣ 3፣ 3፣ 3 ደግሞ ስንት ጊዜ እንደምትቆጠር ልብ በሉ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ