ለሁሉም 50 መስጠት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ ዳውን ሲንድረም ያለው የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ፊደል አይለይም፣ የሚናገራቸው ቃላትም ጥቂት ናቸው። በየሴሚስተሩ ሮስተር መሙላት ግዴታ ስለሆነ በክፍላችን ለሁሉም 50 መስጠት የቆየ ልማድ ነው። እናቱ ካርዱን አይተው «ታዲያ ልጄ ምን አወቀ?» ብለውኛል። ይህን ልጅ እንዴት ልመዝነው? በምዘናው ወቅት ታላቅ እህቱ አብራው ብትቀመጥስ ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ የይስሙላ 50 ስለ ልጁ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ በመደበኛው ፈተና ዜሮ ቢያገኝም እንዲሁ ነው። ፈተናው የሚጀምረው ልጁ ካለበት ደረጃ በላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለውን ችሎታና ለውጥ አያሳይም።

ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮውና ዓይኑ ተመርምሮ እንደሆነ ቤተሰቡን ይጠይቁ። ዳውን ሲንድረም ባላቸው ልጆች ዘንድ የመስማት ችግር በብዛት ስለሚያጋጥም፣ ትእዛዝ አይገባውም የተባለው ልጅ ትእዛዙን ጨርሶ ሳይሰማ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚመዘነው፣ ልጁ አንድን ሥራ በምን ያህል እገዛ እንደሚሠራ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለ ሱቅ ዳቦ መግዛትን እንውሰድ። ሥራው ብሩን መያዝ፣ ተራ መጠበቅ፣ ዳቦውን መጥራት ወይም ማሳየት፣ ብሩን መስጠት፣ ዳቦውንና መልሱን መቀበል ተብሎ ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ አንጻር በራሱ ከሠራው «ራ»፣ በቃል ተነግሮት ከሆነ «ቃ»፣ በጣት ተጠቁሞለት ከሆነ «ጥ»፣ እጁ ተይዞ ከሆነ «እ» ብለው ይመዝግቡ። ከመርዳትዎ በፊት ቢያንስ 5 ሰከንድ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ እኛ አስተማሪዎች የምንቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ ቸኩለን የሠራንለትንም «አይችልም» ብለን እንጽፍበታለን። በመስከረም ብሩን ለመስጠት እጁ መያዝ የነበረበት ልጅ በጥር በጥቆማ ብቻ ከሰጠ፣ ለእናቱ የሚነገራቸው ውጤት ይህ ነው። ተምሮታል ለማለት ግን ከሌላ ሰው ጋር፣ ከሌላ ሱቅም መግዛት አለበት።

ትምህርቱ በዳቦ ግዢ አይወሰንም። ሌሎቹ የዕፅዋትን ክፍሎች ስም ሲጽፉ፣ እሱ ከነሥሩ የተነቀለ ጎመን ላይ ሥሩንና ቅጠሉን ሊለይ ይችላል። መናገር ካቃተው የሥዕል ካርድ ማንሳቱን ወይም በዓይኑ መጠቆሙን እንደ መልስ ይቀበሉ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማይችል ልጅ ለረዳቱ ካርድ አሳይቶ አራት ኪሎ ቢወርድ፣ መውረዱ ያው መውረድ ነው። አሜሪካዊቷ ምሁር አን ዶኔላን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስቀመጡት፣ በቂ መረጃ በሌለበት ጊዜ መያዝ ያለበት ግምት፣ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ልጁን በትንሹ የሚጎዳው ነው። ይገባዋል ተብሎ ተምሮ ባይገባው የሚያጣው ጥቂት ነው፤ አይገባውም ተብሎ ሳይማር ከቀረ ግን የሚያጣው ብዙ ነው።

ይህ ዓይነቱ ምዘና በትምህርት ለደከመ ተማሪ ሁሉ የሚሆን አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ የትምህርት ሕግ፣ በመደበኛው ፈተና ፈንታ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው የሚሰጠውን አማራጭ ምዘና የሚወስዱት በየግዛቱ ከተፈታኞች 1 በመቶ እንዳይበልጡ የገደበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሮስተሩን በራስዎ ሥልጣን መቀየር አይችሉም። ሆኖም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ለግለሰቡ የተስማማ ድጋፍ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ፣ ርዕሰ መምህሩና እናቱ የፈረሙበት የግል የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅተው ነጥቡ ከዕቅዱ ግቦች እንዲሰላ መጠየቅ ይችላሉ። ከካርዱ ጋርም የ«ራ»ና የ«ጥ» መዝገቡን ያያይዙ።

እህቱ ብትገኝ መልካም ነው፤ አነጋገሩን ከሌላ ሰው ይልቅ እሷ ትረዳለችና። ነገር ግን ሳታስበው በዓይኗ መልሱን ልትጠቁመው ስለምትችል፣ ከኋላው ትቀመጥ።