3 ሜትር አንበሳ በኪራይ ቤት ግቢ ይሠራል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት እህታችን የጠየቀችውን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጥያቄዋ ባጭሩ ይሄ ነው። ላንጋኖ ዳር ያለ ሎጅ ለመግቢያው 3 ሜትር ርዝመት ያለው የቆመ አንበሳ አዟታል። የምትኖረው አዲስ አበባ ኪራይ ቤት ነው፤ ግቢው ጠባብ ነው። እስካሁን የሠራችው ትልቁ ቅርጽ ጉልበት ላይ የሚደርስ ነው። እቤት መሥራት ይቻላል ወይ? በስሚንቶ ወይስ በፋይበር ግላስ? ስንት ልጠይቅ? ነው ያለችው።

እህቴ፣ ይቻላል። እኔም ትልልቅ እንስሳት የሠራሁት ከመኖሪያ ቤቴ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። አንበሳም ሠርቻለሁ፣ ዋልያም ሠርቻለሁ። ምክሬ ግን አንድ ነው፤ ሙሉውን አንበሳ እቤትሽ አትጨርሺው። የብረት አጽሙንና ፊቱን እቤት ሥሪ። የቀረውን ልስን እዚያው ላንጋኖ፣ አንበሳው በሚቆምበት ቦታ ላይ ጨርሺ።

ምክንያቱ ክብደት ነው። 3 ሜትር አንበሳ ጠቅላላ ቆዳው ወደ 12 ካሬ ሜትር ይጠጋል። በ4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስሚንቶ ስትለብጪው ግማሽ ሜትር ኪዩብ ገደማ ልስን ማለት ነው፤ ይሄ ብቻውን ከ1 ቶን በላይ ይመዝናል። ብረቱን ጨምሪበት። ይህን ከጓሮ አውጥቶ፣ በመንደር መንገድ አሳልፎ፣ ኢሱዙ ላይ ጭኖ 200 ኪሎ ሜትር መውሰድ ክሬን ይጠይቃል። ክሬኑ ደግሞ የሰፈራችሁን የመብራት ሽቦ ማለፍ አለበት። ደርሶ ሲወርድም እግሩ አካባቢ መሰንጠቁ አይቀርም። አጽሙ ብቻ ግን 130 ኪሎ ቢሆን ነው። ስድስት ሰው አንስቶ ይጭነዋል።

ትልቁን ከመንካትሽ በፊት ደንበኛሽን አንድ ነገር ጠይቂው። «አንበሳ» ሲል የትኛውን አንበሳ እያሰበ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት አንበሶች አሉ። አንዱ የለገሃሩ ነው፤ በፈረንሳዊው ቀራጺ በዦርዥ ጋርዴ ተሠርቶ በ1923 ዓ.ም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የቆመው፣ ጣሊያን ሮም ወስዶት በኋላ የተመለሰው። ዘውድ ደፍቷል እንጂ አካሉ ቁርጥ እውነተኛ አንበሳ ነው። ሌላው ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው፣ ለንጉሡ የንግሥና 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም የቆመው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ነው። እሱ በትልልቅ ጠፍጣፋ ገጽና በሹል መስመር የተሠራ ነው፤ አንድም ፀጉር የለውም፤ አንበሳነቱ ግን ከሩቅ ይታወቃል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ፣ የተለያየ ጊዜ፣ የተለያየ ዋጋ ናቸው። ደንበኛሽን ይዘሽ ሁለቱም ጋ ሂጂ። ካልተመቸው ፎቶ አሳዪው። «እንደዚህኛው» ብሎ በጣቱ ሲያሳይሽ ግማሹን ጭቅጭቅ ገላገልሽ ማለት ነው።

ከዚያ በሸክላ ጭቃ 30 ሳንቲ ሜትር ሞዴል ሥሪ። 30 ያልኩት ለሂሳብ ስለሚመች ነው፤ ሞዴሉ ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር ትልቁ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ደንበኛው ሞዴሉን አይቶ ይፈርምበት። ፊርማው ያለበትን ፎቶ አስቀምጪ።

አሁን እውነተኛ አንበሳ ነው የፈለገው እንበል። አንድነት ፓርክ ሄደሽ ረጋ ብለሽ ተቀመጪ። ጥቁር ጎፈር ያላቸውን የኛን አንበሶች እያየሽ ንደፊ። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት ፎቶ አውርዶ ይሠራና የሌላ አገር አንበሳ ይሆንበታል። የኛ አንበሳ ጎፈሩ አንገቱ ላይ አያቆምም። ደረቱን ይዞ ወርዶ ሆዱ ሥር ይዘልቃል፤ ቀለሙም ጥቁር ነው። ይሄ ለሥራሽ ትልቅ ጸጋ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ መገጣጠሚያው ስንመጣ ታዪዋለሽ።

በየሆቴሉ በር የምናያቸው አንበሶች ለምን ውሻ ወይም ሰው እንደሚመስሉ ላስረዳሽ። አንደኛ ዓይን ነው። የአንበሳ ዓይን ከፊቱ ስፋት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ዓይኑን ስታተልቂው ፊቱ የሰው ይሆናል። ሁለተኛ የኋላ እግር ነው። ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለው ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ አንበሳ የሚራመደው በጣቶቹ ነው፣ ተረከዙ አየር ላይ ነው። እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ አለ። ይህን ካላስተካከልሽ እግሩ የወንበር እግር ይሆናል። ሦስተኛ ትከሻ ነው። የትከሻው አጥንት ከደረት ጋር በአጥንት አልተቆለፈም፤ በጡንቻ ነው የተያዘው። ስለዚህ ሲራመድ ክብደት ያረፈበት ትከሻ ከጀርባው መስመር በላይ ጉብ ይላል። ያቺ ጉብታ አንበሳውን ነፍስ ትዘራበታለች። ጥፍሩን ግን አታውጪ። ሲራመድ ጥፍሩ መዳፉ ውስጥ ነው።

ወደ አጽሙ እንምጣ። እዚህ ላይ ጊዜሽን አትቆጥቢ። ከአንበሳው መልክ ሰባ እጁ እዚህ ነው የሚወሰነው።

የግቢሽ ግድግዳ ላይ በከሰል የአንበሳውን ጎን በሙሉ ልኩ ሳዪው። ከሞዴሉ እየለካሽ በ10 እያባዛሽ። 3 ሜትር ርዝመት፣ ትከሻው ላይ 1.80 ገደማ። ከዚያ ፌሮውን (የአርማታ ብረቱን) ግድግዳው ላይ እያስጠጋሽ አጣጥፊው። ለእግሮቹና ለጀርባው ባለ 16 ሚሊ፣ ለጎድኖቹ ባለ 12፣ ቅርጹን ለሚያወጡት መስመሮች ባለ 8። ሦስት ዘንግ ባለ 16፣ አራት ባለ 12፣ ስድስት ባለ 8 ይበቃሻል። ፌሮው መጨረሻ ላይ ከሚኖረው ቆዳ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፌሮውን በሙሉ ልኩ ይሠራና ልስኑ ሲጨመርበት አንበሳው ወፍራም ይሆናል፣ ወገቡ ይጠፋል።

የአራቱ እግሮች ፌሮ ከመዳፉ በታች 60 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። እሱ ነው አርማታው ውስጥ የሚቀበረው። እቤት ስትሠሪ በጊዜያዊ ቱቦላሬ አቁሚው፣ በውሃ ልክና በቱንቢ ቀጥ አድርጊው። በያጅ ካስመጣሽ ዋና ዋናውን መጋጠሚያ ይበይድልሽ። የኪራይ ቤት ቆጣሪ የብየዳ ማሽን ላይችል ይችላልና አስቀድመሽ አከራይሽን አናግሪ። ብየዳውን በቀን፣ ጎረቤት ሥራ በሄደበት ሰዓት ጨርሺ።

ከዚያ የዶሮ ቤት ሽቦ ወንፊት በሁለት ንብርብር አልብሺው። ይሄ አይበየድም። ዚንክ የተቀባ ሽቦ ሲበየድ ጭሱ ያሳምማል። በጥቁር ሽቦ ሽምቅቅ አድርገሽ ታስሪዋለሽ፤ አንድ መዳፍ በማይሞላ ርቀት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የላላ ወንፊት ልስኑ ሲጣልበት ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘ ልስን ይሰነጠቃል። በእጅሽ ስትመቺው እንደ ከበሮ መመለስ አለበት።

ጭንቅላቱ ለብቻው ይሠራል። አንገቱ ላይ ባለ 10 ሚሊ ላሜራ ፕሌት ሁለት ታዘጋጃለሽ፤ አንዱ አካሉ ላይ፣ አንዱ ጭንቅላቱ ላይ ይበየዳል። በስድስት ባለ 16 ብሎንና ዳዶ ይገጣጠማሉ። ጭንቅላቱን ከፍ ያለ ማቆሚያ ላይ፣ ዓይኑ ከዓይንሽ ትይዩ አድርገሽ እቤትሽ በስሚንቶ ሙሉ ለሙሉ ጨርሺው። ፊት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሎጅ ውስጥ ሰው ከበሽ «ዓይኑ አልጠበበም?» እያለሽ አይሠራም። ጎፈሩን ግን አትጀምሪው። ያ የኛ አንበሳ ረጅም ጎፈር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ላንጋኖ ላይ ብሎኑን ካጠበቅሽ በኋላ ጎፈሩን ከጭንቅላት እስከ ደረት አንድ ላይ ትለስኚዋለሽ፤ መገጣጠሚያው ድራሹ ይጠፋል።

እዚያ ስትደርሺ መደቡ ተቆፍሮ፣ ብረቱ ታስሮ ይጠብቅሽ። 3 ሜትር በ1.50፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር። አጽሙን አቁመሽ የእግሩን ፌሮ ጫፉን አጥፈሽ ከመደቡ ብረት ጋር አስረሽ አርማታው ይሞላ። አርማታው እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ጠብቂ።

ልስኑን ላሳጥረው። አሸዋውን በጠርሙስ ውሃ በጥብጠሽ አስቀምጪው፤ ላዩ ላይ የረጋው ጭቃ ከ6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ። ከወንፊቱ ጀርባ ጆንያ ጠቅጥቂ፤ ሊጡ ወደ ሆዱ እንዳይፈስ። የመጀመሪያው ልባስ 1 ስሚንቶ ለ3 አሸዋ፤ ሳይደርቅ ጫር ጫር አድርጊው። የመጨረሻው 1 ለ2፣ በተነፋ አሸዋ። ስድስት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስሚንቶ ለአካሉ ይበቃል። ሆዱ ሥር ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዪለት።

ጎፈሩን የምትቀርጪበት ሰዓት ግን አለው። ልስኑን ከጣልሽ በኋላ ጠብቂ። በጣትሽ ስትጫኚው ምልክት ይዞ ጣትሽ ላይ የማይጣበቅበት ደቂቃ ይመጣል። ያኔ ነው። በማንኪያ ጫፍና በእንጨት እየገፋሽ ትልልቁን ዘለላ አውጪ። አንድ ዘለላ ከላይ ሰፍቶ ይጀምርና ወደ ጫፉ እየጠበበ በሌላው ሥር ይገባል። ቀጫጭን ፀጉር አትጫሪ። የላንጋኖ ፀሐይ ከላይ ስትመታው ጥላውን የሚሰጠው ትልቁ ዘለላ ነው፤ ቀጭኑ ከአምስት ሜትር አይታይም። ጥቁር የከለር ዱቄት እዚያው ልስኑ ውስጥ ብትቀላቅዪ ከቀለም ይበልጣል፤ አይላጥም።

ያ ፀሐይና የሐይቁ ነፋስ ልስኑን በአንድ ቀን ያደርቁታል። ሸራ ወጥሪ፣ በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ብቻ ሥሪ። ከጨረስሽ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሰሽ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ውሃ የሚያጠጣውን ሰው ስሙን ውሉ ላይ አስጽፊ። ሎጁ ውስጥ «እናጠጣለን» ያለው ሁሉ አያጠጣም። ቀለም ከቀባሽ ከ28 ቀን በኋላ ይሁን።

ደግሞ ሰው ይቀመጥበታል። እንግዳ ሁሉ ልጁን አንበሳው ላይ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳል፤ አዋቂውም ይወጣል። ስለዚህ ጭራውን አየር ላይ አታንጠልጥዪ፤ ወርዶ የኋላ እግሩን ተደግፎ ይሂድ። ጆሮውን ወፍራም አድርጊው፣ ግማሹ ጎፈሩ ውስጥ ይቀበር።

ፋይበር ግላሱን ለምን እንደማልመክርሽ። ክብደቱ ቀላል ነው፣ እውነት ነው፤ በ5 ሚሊ ውፍረት ቆዳው ከ90 ኪሎ አይበልጥም። ግን መጀመሪያ ሙሉውን በጭቃ መሥራት፣ ከዚያ በጀሶ ቅርጽ ማውጣት አለብሽ፤ አንድ አንበሳ ሦስቴ እንደመሥራት ነው። ሬዚኑ፣ ማለትም የፋይበር ግላሱ ፈሳሽ፣ የሚተነው ጋዝ ግድግዳ በተጋራችሁት ጎረቤት ሳሎን ይገባል። በቀላሉም እሳት ይይዛል። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል፤ ሬዚኑ ቶሎ እንዲጠነክር ከሚጨመረው ኮባልት ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ይፈነዳል። ልጅ ያለበት የኪራይ ግቢ ውስጥ አታስገቢው። ስሚንቶም ቢሆን ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል አትንኪ፤ እርጥቡ ቆዳ ይበላል፣ አቧራው ሳንባ ይገባል።

ዋጋውን በተመለከተ ቁጥር አልነግርሽም፤ ፌሮና ስሚንቶ ዛሬና የዛሬ ወር አንድ አይደሉም። አሠራሩን ግን ልንገርሽ። ዕቃውን በዛሬ ዋጋ ደምሪ። የበያጅ፣ የረዳት፣ የኢሱዙ፣ የጫኝና አውራጅ፣ ላንጋኖ የምትከርሚበትን ማደሪያና ምግብ ጨምሪ። ማደሪያውን ሎጁ ይቻለው፤ ለነሱ ቀላል ነው። ጫኝና አውራጆቹን ከሰፈራችሁም ከዚያም አስቀድመሽ አናግሪ፤ መኪናው ቆሞ ዋጋ መከራከር ውድ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የራስሽን የእጅ ዋጋ አስቀምጪ፤ የሠራሽበትን ወራት ሁሉ ቆጥረሽ። ዋጋሽ ለ15 ቀን ብቻ እንደሚጸና ጻፊ። ቀብዱ ዕቃውን ሁሉ መግዛት አለበት፤ ከ40 በመቶ በታች አትቀበዪ። ሌላውን አጽሙ ሲያልቅ፣ ፊቱ ሲያልቅና ርክክብ ላይ ከፋፍለሽ ውሰጂ። ፊቱን አይቶ «ይሄ ነው» ያለበት ቀን 30 በመቶ ይክፈልሽ።

ውሉ ላይ መደቡን ማን እንደሚያሠራ፣ ስምሽ መደቡ ላይ እንደሚቀረጽ፣ ያለፈቃድሽ ሌላ ቅጂ እንደማይወጣ ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅርጻ ቅርጽንም ይጠብቃል፤ ግን በውል የተጻፈ ነገር ያለ ክርክር ይሠራል። ከቻልሽ ከመፈረምሽ በፊት የግቢሽን በር ስፋትና ከፍታ፣ የሞዴሉንም ፎቶ እዚሁ ለጥፊ፤ አጽሙን የት የት እንደምትቆርጪው አብረን እናየዋለን።